ለቤት የድምፅ መሣሪያዎች ትክክለኛውን የገመድ ርዝመት መምረጥ፦ ከልኬት እስከ ዝርጋታ

ለሳሎኑ የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም አምፕሊፋየርና ስፒከር በመምረጥ ይጨርስና ገመዱን የሚያስታውሰው ከሱቁ ሊወጣ ሲል ነው። «ስንት ሜትር ልቁረጥ?» ተብሎ ሲጠየቅም በግምት ይመልሳል። ግምቱ ካነሰ ስፒከሩ መቆም ከሚገባው ቦታ ተስቦ ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ ይመጣል፤ ከበዛ ትርፉ ከቡፌው ጀርባ ተጠቅልሎ አቧራ ይሰበስባል። ሁለቱ ጥፋቶች ግን አይመጣጠኑም። ያጠረ ገመድ የስፒከሮቹን አቀማመጥ ያበላሻል፣ አለዚያም መሀል ላይ እንዲቀጠል ያስገድዳል፤ የረዘመ ገመድ ግን፣ ወደፊት ከምናያቸው ጥቂት ዓይነቶች በስተቀር፣ ኪስ ከመጉዳት አያልፍም።

ትክክለኛው ርዝመት የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ገመዱ በእርግጥ የሚሄድበት መንገድ ይለካል፤ ቀጥሎ መጠባበቂያ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻም የተገኘው ቁጥር ገመዱ ለሚሸከመው የምልክት ዓይነት ከተፈቀደው ወሰን ጋር ይመሳከራል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በእጁ ያለውን ገመድ ይይዝና ዕቃውን ለገመዱ ያመቻቻል።

በመጀመሪያ መሣሪያዎቹ ቦታቸውን ይያዙ

ሜትር ከማውጣትዎ በፊት ስፒከሮቹ የት እንደሚቆሙ መታወቅ አለበት። ለሁለት ስፒከር የተለመደው አቀማመጥ ሦስቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በግራና በቀኝ ስፒከር መካከል ያለው ርቀት ከእያንዳንዱ ስፒከር እስከ አድማጩ ጭንቅላት ካለው ርቀት ጋር ይመጣጠናል። ሁለቱ 2.4 ሜትር ተራርቀው ከቆሙ አድማጩም ከእያንዳንዳቸው 2.4 ሜትር አካባቢ ርቆ ይቀመጣል ማለት ነው። ባለ አምስት ስፒከር ስብስብ ከሆነ ደግሞ የኋለኞቹ ሁለቱ ከአድማጩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ አለፍ ብለው ይቆማሉ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለዚህ ያወጣው ምክር የፊተኞቹን አድማጩ ወደፊት ከሚያይበት መስመር 30 ዲግሪ ላይ፣ የኋለኞቹን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያስቀምጣቸዋል።

ስፒከርን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ማቆም የወፍራሙን ድምፅ ስለሚያብጠው ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ራቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህ ክፍተት በገመዱ ርዝመት ላይ ይደመራል፤ ሰው ሲለካ ቶሎ የሚረሳውም እሱን ነው። ዕቃውን አቁመው፣ በእጅዎ ባለ ማናቸውም አሮጌ ሽቦ ለጊዜው አገናኝተው ጥቂት ቀን ያድምጡበት። ሶፋው የሚዛወር ከሆነ፣ ወይም የቤቱ እመቤት ስፒከሩ ከመጋረጃው ፊት መቆሙን ካልወደዱት፣ ያ የሚታወቀው በእነዚህ ቀናት ነው።

አምፕሊፋየሩ የት ይቀመጥ የሚለውም እዚሁ ይወሰናል። ርቀትን በተሻለ የሚችለው የስፒከር ገመድ ነው፤ በአምፕሊፋየርና በስፒከር መካከል ያለው ምልክት ብርቱ ስለሆነ ገመዱን ወፈር በማድረግ ብቻ ብዙ ሜትር ማስኬድ ይቻላል። ከማጫወቻ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ምልክት ግን ደካማ ነው፤ ከሸክላ ማጫወቻ የሚወጣው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ደካማ። ስለዚህ ማጫወቻዎቹና አምፕሊፋየሩ ተጠጋግተው እንዲቀመጡ፣ ርቀቱን የስፒከር ገመዱ እንዲሸከመው ማድረግ ይበጃል። በውስጣቸው አምፕሊፋየር ያላቸው ስፒከሮች ይህን ሥርዓት ይገለብጡታል፤ እነርሱ ጋ ረጅሙ የምልክት ገመዱ ነው፤ በዚያ ላይ ለየስፒከሩ የ220 ቮልት ሶኬት በአቅራቢያው መኖሩ መረጋገጥ አለበት።

መንገዱን በሲባጎ ይለኩ

በሁለት መሣሪያዎች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀትና ገመዱ የሚሄድበት መንገድ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ገመድ አየር ላይ አይንጠለጠልም፤ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ወጥቶ ወደ ወለል ይወርዳል፣ ዞኮሎውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ማዕዘን ይዞራል፣ በር ካጋጠመው ይወጣል፣ በመጨረሻም እንደገና ወደ ስፒከሩ መሰኪያ ይወጣል።

ይህን ለመለካት ከብረት ሜትር ይልቅ ሲባጎ ይሻላል። የብረት ሜትር ማዕዘን ላይ አይታጠፍም፤ እየቆራረጡ ለክተው ሲደምሩም አንዱ ቁራጭ ይዘለላል። የሲባጎውን ጫፍ በአምፕሊፋየሩ የስፒከር መሰኪያ ላይ በናስትሮ ይለጥፉ፤ ከዚያም ገመዱ ይሄድበታል ባሉት መንገድ ሁሉ ሳይወጥሩት እየዘረጉ እስከ ስፒከሩ መሰኪያ ድረስ ይውሰዱት። መሰኪያው ራሱ ጋ መድረስ አለበት እንጂ ስፒከሩ የቆመበት ወለል ጋ ማቆም የለበትም። ከቆመው ስፒከር ጀርባ ያለው መውጫ ብቻውን 80 ሴንቲሜትር ሊሆን ይችላል። ሲባጎውን እዚያ ቆርጠው፣ «የፊት ግራ» ብለው ወረቀት አስረውበት ያስቀምጡት፤ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ሲባጎ ይኑረው። ቁርጥራጮቹን ይዞ ገበያ መሄድ በወረቀት ላይ ከተጻፈ ቁጥር የበለጠ ያስተማምናል፤ ሻጩ በክንዱ ለክቶ ሲሰጥዎ ማመሳከሪያው በእጅዎ ነው።

አንድ ሳሎን በምሳሌነት እንውሰድ፤ ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር። ቴሌቪዥኑ በ4 ሜትሩ ግድግዳ በኩል ነው፤ አምፕሊፋየሩ ከግራው ማዕዘን 140 ሴንቲሜትር ርቆ ቡፌው ላይ ተቀምጧል። የፊት ግራ ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ 60 ሴንቲሜትር ወደ ግራ፣ የፊት ቀኙ 180 ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ይቆማሉ። በዓይን ሲታይ የግራው ስፒከር ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው የሚርቀው፤ አንድ ሜትር ገመድ የሚበቃው ይመስላል። በሲባጎ ሲሄዱበት ግን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ እስከ ወለል 60፣ በዞኮሎው 60፣ ከግድግዳ ወደ ስፒከሩ 40፣ ወደ መሰኪያው 80 ሴንቲሜትር ነው፤ ድምሩ 240። የቀኙ በዚያው ስሌት 360 ሴንቲሜትር ይሆናል።

የኋለኞቹ የበለጠ ያስተምራሉ። በ150 ሴንቲሜትር ከፍታ የጎን ግድግዳዎች ላይ ይሰቀላሉ እንበል። የግራው ገመድ 60 ወርዶ፣ 140 እስከ ማዕዘኑ፣ 420 በግራው ግድግዳ ሄዶ፣ 150 ይወጣል፤ 770 ሴንቲሜትር። በቀኙ ግድግዳ በኩል ግን በር አለ፤ ቁመቱ 210። ገመዱ በዞኮሎ መጥቶ በሩን ቢወጣ፣ ተሻግሮ ቢወርድ፣ ከዚያም ወደ ስፒከሩ እንደገና ቢወጣ 1310 ሴንቲሜትር ይፈጃል። በሩን ፈርቶ በኋላው ግድግዳ በኩል ሁሉን ማዕዘን ቢዞር ደግሞ 1330፤ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ነው፦ ገመዱ አንዴ ከበሩ በላይ ከወጣ ወደ ወለል ሳይመለስ በዚያው ከፍታ ይሂድና ወደ ስፒከሩ 60 ሴንቲሜትር ብቻ ይውረድ። ይህ 1010 ሴንቲሜትር ነው፤ ሦስት ሜትር ገመድ ተረፈ። መንገዱን በሁለት በሦስት ዓይነት አስቦ መለካት ያለው ጥቅም እንዲህ ያለው ነው።

መጠባበቂያው ምን ያህል ይሁን

በሲባጎ በተገኘው ልኬት ላይ አንድ አሥረኛውን ለመታጠፊያና ለልኬት ስህተት ይጨምሩ፤ በተጨማሪም በሁለቱም ጫፍ 30፣ 30 ሴንቲሜትር ያክሉ። የጫፉ ትርፍ ለቅንጦት አይደለም። አምፕሊፋየሩን ከመደርደሪያው ሳይስቡ ጀርባውን ማየት አይቻልም፤ ገመዱ ልክ በልኩ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ሲሳብ መሰኪያው ይነቀላል ወይም ይሰበራል። የተላጠው የገመድ ጫፍም ከጊዜ በኋላ ስለሚጠቁርና ስለሚበጣጠስ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር እየቆረጡ እንደ አዲስ መላጥ ይኖራል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ፣ ወይም ዕቃ ማዘዋወር የሚወድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ለፊተኞቹ አንድ አንድ ሜትር ተጨማሪ ቢኖራቸው አይበዛም።

በምሳሌያችን የፊት ግራው 3.24፣ የፊት ቀኙ 4.56፣ የኋላ ግራው 9.07፣ የኋላ ቀኙ 11.71 ሜትር ይደርሳሉ። በሜትር እየተቆረጠ ከሚሸጥበት ሱቅ ከሆነ 3.5፣ 5፣ 9.5 እና 12 ብሎ ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው። አራቱን ሳያጠጋጉ ሲደምሯቸው ግን 28.58 ሜትር ስለሆነ አንድ የ30 ሜትር ጥቅል ይበቃል፤ ጥቅሉ ከተቆራጩ ከረከሰ እሱን መውሰድ ነው። ከጥቅል ሲቆረጥ ሁልጊዜ ከረጅሙ ይጀመራል፤ ከአጭሩ ከተጀመረ ስህተቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ረጅሙ ላይ ያርፋል። አሜሪካ ያለ አንባቢ ገመዱን የሚያገኘው በጫማ ልክ ነው፤ 25 ጫማ 7.6 ሜትር፣ 50 ጫማ 15.2 ሜትር፣ 100 ጫማ 30.5 ሜትር ነው።

ግራና ቀኝ ስፒከሮች የግድ እኩል ርዝመት ያለው ገመድ ያስፈልጋቸዋል የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ምክንያቱ «ድምፁ እኩል እንዲደርስ» ነው ይባላል። ይህ አያሳምንም። በመዳብ ገመድ ውስጥ ምልክቱ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የአንድ ሜትር ልዩነት የሰከንድ አምስት ቢሊዮንኛ ያህል ነው የሚያዘገየው። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 343 ሜትር ብቻ ስለሆነ አንዱን ስፒከር አንድ ሴንቲሜትር ወደፊት መግፋት ከዚያ ወደ ስድስት ሺህ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል፤ ያንንም ማንም ልብ አይለውም። ለእኩልነት ሲባል አጭሩን ማስረዘም ገንዘብ ማባከን ነው። አንዱ 2፣ ሌላው 15 ሜትር ሆኖ ገመዱም ቀጭን ከሆነ ግን የድምፅ ኃይል ልዩነት ሊታይ ይችላል፤ ያ የሚፈታው በውፍረት ነው።

የስፒከር ገመድ፦ ርዝመትና ውፍረት አብረው ይታሰባሉ

እያንዳንዱ ሜትር ሽቦ ትንሽ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ አለው፤ ገመዱ ሲረዝም ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሲወፍር ይቀንሳል። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ የሚቆጠረው ደርሶ መልሱ ነው፤ የ10 ሜትር ገመድ ለስሌት 20 ሜትር ሽቦ ነው። በሰፊው የሚሠራበት ልክ የገመዱ የደርሶ መልስ ተቃውሞ ከስፒከሩ ኦም (ኦም የተቃውሞ መለኪያ ነው) 5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው፤ ለ8 ኦም ስፒከር 0.4፣ ለ6 ኦም 0.3፣ ለ4 ኦም 0.2 ኦም። በዚህ ወሰን ላይ የሚጠፋው ድምፅ ከግማሽ ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በታች ነው፤ ሆኖም ከዚያ ሲያልፍ አምፕሊፋየሩ የስፒከሩን እንቅስቃሴ የመቆጣጠር ኃይሉ ይላላል፤ የድምፁም ቃና እንደ ስፒከሩ ጠባይ ይዛባል። የስፒከሩ ኦም ከጀርባው ላይ ይጻፋል።

የንጹሕ መዳብ ገመድ በዚህ ልክ ሲሰላ እንዲህ ይወጣል። ባለ 0.75 ሚሊሜትር ካሬ (ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የመዳቡ ስፋት) ቀጭን ገመድ ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 8.5 ሜትር ግድም፣ ለ4 ኦም 4 ሜትር ያህል ብቻ ያገለግላል። ባለ 1.5 ለ8 ኦም እስከ 17፣ ለ6 ኦም እስከ 13፣ ለ4 ኦም እስከ 8.5 ሜትር ይሄዳል። ባለ 2.5 ለ8 ኦም እስከ 29፣ ለ6 ኦም እስከ 21፣ ለ4 ኦም እስከ 14 ሜትር ያደርሳል። ባለ 4 ለ4 ኦም ስፒከር እንኳ እስከ 23 ሜትር ይበቃል። በምሳሌያችን ሳሎን ረጅሙ 12 ሜትር ነበር፤ ስፒከሩ 6 ኦም ከሆነ 1.5 ልኩ ላይ ነው፣ 4 ኦም ከሆነ 2.5 መግዛት ግድ ይላል። ጥርጣሬ ካለ ለሁሉም 2.5 መውሰድ ያዋጣል፤ ከዚያ በላይ መውፈሩ በተለመደ ሳሎን ውስጥ የሚጨምረው ክብደትና ዋጋ ነው፣ ሽቦውም ወደ አንዳንድ ስፒከሮች መሰኪያ አይገባም። በአሜሪካ አቆጣጠር ቁጥር 16 ወደ 1.3፣ ቁጥር 14 ወደ 2.1፣ ቁጥር 12 ወደ 3.3 ሚሊሜትር ካሬ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 የሚዘረጉት ነጠላ ድፍን ሽቦ ለስፒከር ይሆን እንደሆነ ይጠየቃል። ድምፅ ያደርሳል፤ መዳቡ ያው መዳብ ነው። ነገር ግን ደረቅ ስለሆነ ሲተጣጠፍ ይሰበራል፣ የስፒከሩንም መሰኪያ ይጎትታል። በዚያ ላይ ከግድግዳ የወጣ ሽቦ የስፒከር ይሁን የ220 ቮልት ወደፊት የሚመጣው ጠጋኝ በምን ያውቃል? ስለዚህ ባለ ብዙ ክር፣ ሁለቱ ጎን ለጎን የተጣበቁ፣ አንዱ ጎን በመስመር ወይም በቀለም የተለየ ገመድ ይመረጥ።

እስካሁን የተሰጡት ቁጥሮች የሚሠሩት ለንጹሕ መዳብ መሆኑን ደግሜ ልናገር፤ ገበያው ላይ በርካሽ የሚሸጠው ብዙው ገመድ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነውና። የዚህ ተቃውሞ ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ግድም ስለሆነ የተፈቀደው ርዝመት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ 17 ሜትር የነበረው 11 ይሆናል። ለመለየት ከጫፉ አንዲት ክር መዝዞ በምላጭ መፋቅ ነው። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው፤ የተለበጠው ከቀዩ ሽፋን ሥር ነጣ ያለ ብር መሰል ብረት ያወጣል፣ ክሩም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ቶሎ ይበጠሳል። ጥቅሉንም በእጅ መመዘን ነው፤ አሉሚኒየሙ ለመጠኑ ይቀላል።

ቴስተር ያለው ሰው ከዚህም ርቆ ማረጋገጥ ይችላል። በገመዱ አንደኛ ጫፍ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አጥብቆ ያጣምራቸውና በሌላው ጫፍ ኦሙን ያነባል። አስቀድሞ ግን የቴስተሩን ሁለት መንኪያዎች እርስ በርስ አገናኝቶ የሚያሳየውን ቁጥር መያዝ አለበት፤ ርካሽ ቴስተር በራሱ መንኪያ ብቻ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ሊያሳይ ስለሚችል ያ ከንባቡ ይቀነሳል። 10 ሜትር ባለ 2.5 ንጹሕ መዳብ 0.14 ኦም አካባቢ መስጠት አለበት። በእንዲህ ያለ ቴስተር አጭር ገመድ መለካት ትርጉም የለውም፤ ሙሉውን ጥቅል መለካትና ለሜትሩ ማካፈል ይሻላል።

የሸክላ ማጫወቻ፦ እዚህ ላይ ትርፍ ሜትር ይጎዳል

ከቤተሰብ የወረሱትን የ45 ዙር ሸክላ ለመስማት ማጫወቻ የሚገዙ ሰዎች አሁን አሉ፤ ማጫወቻው ለምቾት ሲባል ከአምፕሊፋየሩ ርቆ መስኮት ሥር ሲቀመጥም ይታያል። ረጅም ገመድ በግልጽ የሚጎዳው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ባለ ተንቀሳቃሽ ማግኔት መርፌ የሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ያህል ነው፤ የሲዲ ማጫወቻ ግን 2 ቮልት ይሰጣል። እንዲህ የደከመ ምልክት በመንገዱ ከመብራት መስመር የሚለቅመው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ አብሮት ይጎላል።

ሌላው ጉዳት የማይታይ ነው። ሁለት ሽቦዎች ተቀራርበው ሲሄዱ ጥቂት ኤሌክትሪክ በመካከላቸው ያቁራሉ፤ ይህ በፒኮፋራድ ይለካል፤ ከማጫወቻ ወደ አምፕሊፋየር ለሚሄደው ለተለመደው የአርሲኤ ገመድ በሜትር 100 አካባቢ ነው፣ እንደ ጥራቱ ከ50 እስከ 150 ይደርሳል። መርፌው በውስጡ ካለው ጥቅል ሽቦ ጋር ይህ ሲደመር የቀጭኑ ድምፅ ሚዛን ይለወጣል፤ ገመዱ ሲረዝም ቀጭኑ ድምፅ መጀመሪያ ሹል ይሆንና ከዚያ በላይ ያለው ቶሎ ይቆረጣል። ለምሳሌ የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ መርፌ የሚፈልገው በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ነው። በዚህ ውስጥ የማጫወቻው ክንድ ሽቦና የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ራሱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የሦስት ሜትር ገመድ ብቻውን 300 ከሆነ ልኩ አስቀድሞ ታልፏል። ስለዚህ ከሸክላ ማጫወቻ የሚወጣ ገመድ አንድ ሜትር፣ ቢበዛ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን፤ ርቀቱ አይቀሬ ከሆነ የሸክላውን ደካማ ምልክት የሚያጎላውን ትንሹን የፎኖ ማጉያ ከማጫወቻው አጠገብ አስቀምጦ ከዚያ በኋላ ያለውን ማስረዘም ነው። በውስጣቸው ይህ ማጉያ ያላቸው ማጫወቻዎች ቁልፋቸው ወደ «ላይን» ከተደረገ አራት አምስት ሜትር ያለ ችግር ይሄዳሉ።

ሌሎቹ የምልክት ገመዶች

ከሲዲ ማጫወቻ፣ ከዲኮደር ወይም ከኮምፒውተር ወደ አምፕሊፋየር የሚሄድ የተለመደ አርሲኤ ገመድ እስከ 5 ሜትር ብዙ አያሳስብም፤ መሣሪያው ዘመናዊ ከሆነ 10 ሜትርም ቀጭኑን ድምፅ አይቆርጥም። እዚህ የሚያስቸግረው ጉምጉምታ ነው፤ በተለይ ሁለቱ መሣሪያዎች በተለያየ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሲሰኩ፣ ወይም ዲኮደሩ ከጣሪያ የመጣ የዲሽ ገመድ ሲኖረው። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል። ረጅም ርቀት የግድ ከሆነና መሣሪያዎቹ ባለ ሦስት እግር የኤክስኤልአር መሰኪያ ካላቸው በእሱ 30 ሜትር እንኳ ችግር የለውም፤ በመንገድ የተለቀመው ጉምጉምታ መድረሻው ላይ እርስ በርሱ ይጣፋል።

የሳብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ስፒከር፣ ገመድ የተለየ አለካክ አለው። ሳብዉፈር የሚሻለው ቦታ ቀድሞ አይታወቅም። ሣጥኑን ለጊዜው አድማጩ በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አድርጎ ወፍራም ድምፅ ያለው ሙዚቃ ከፍቶ፣ በክፍሉ ዳር ዳር ጎንበስ ብሎ እየዞሩ ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ ሳብዉፈሩ የሚቆመው እዚያ ነው። ገመዱ ከዚህ ፍለጋ በፊት የሚገዛ ከሆነ እስከ ሩቁ ማዕዘን የሚደርስ ይሁን፤ ወፍራም ድምፅ በገመድ ርዝመት አይጎዳምና 8 ወይም 10 ሜትር ቢሆን ምንም አይደለም።

ዲጂታል ገመዶች ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ወይ ይሠራሉ ወይ ይቆራረጣሉ፣ ቀስ በቀስ አይደክሙም። ምስልና ድምፅ አብሮ ለሚያሳልፈው ኤችዲኤምአይ በ4ኬ 60 (በሰከንድ 60 ፍሬም) ምስል ላይ በተራ የመዳብ ገመድ እስከ 5 ሜትር፣ ለ48 ጊጋቢቱ አዲስ ዓይነት እስከ 3 ሜትር ያህል መተማመን ይቻላል። ከዚያ በላይ በብርሃን የሚሠራው ረጅም ኤችዲኤምአይ አለ፤ እሱ ግን አቅጣጫ ስላለው ጫፎቹ ላይ የተጻፈውን አይቶ መዘርጋት ነው፣ በግድግዳ ውስጥ ገልብጦ ያሳለፈው ሰው እንደገና ማውጣት ይጠብቀዋል። ቶሺባ በ1983 ያወጣው የቶስሊንክ የብርሃን ገመድ እስከ 5 ሜትር ያለ ሐሳብ፣ ጥሩ ከሆነ እስከ 10 ሜትር ይሄዳል፤ ማዕዘን ላይ ግን እንደ ሽቦ አጥብቆ አይታጠፍ፣ ሰፋ ብሎ ይዙር። ይህም በልኬቱ ላይ ለየማዕዘኑ ጥቂት ሴንቲሜትር ይጨምራል። ዩኤስቢ 2.0 ወሰኑ 5 ሜትር ነው።

ሲዘረጋ

ገመዱ ከ220 ቮልት መስመር ጋር ጎን ለጎን አብሮ አይሂድ፤ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ መሻገር ካለበት ቀጥ ብሎ ይሻገር። ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ከድምፁ ይልቅ ለሰው ሕይወት ያሰጋልና ፈጽሞ አይደረግ። አሜሪካ ውስጥ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ የስፒከር ገመድ «ሲኤል2» ወይም «ሲኤል3» የሚል፣ በግድግዳ ውስጥ ለማለፍ መፈቀዱን የሚያሳይ ምልክት ሊኖረው ይገባል።

የተረፈው ገመድ ከተጠቀለለ ድምፅ ያበላሻል የሚለው ፍርሃት ለስፒከር ገመድ የተጋነነ ነው፤ ሂያጁና ተመላሹ ሽቦ ጎን ለጎን ስለሆኑ የአንዱ መግነጢስ የሌላውን ያጠፋዋል። ሆኖም ትርፉን ወዲያና ወዲህ አጥፎ በላላ ማሰሪያ መያዝ ከጥቅልል ይልቅ ከዕቃው ጀርባ ለመያዝ ይመቻል። ትርፉ በስፒከሩ በኩል ይቀመጥ፤ ወደፊት የሚንቀሳቀሰው እሱ ነውና።

ገመዱን በሚስማር ከመምታት በፊት ሁሉም ተገናኝቶ ይሞከር። በየገመዱ በሁለቱም ጫፍ ላይ ስም ይለጠፍ። ስሙ ከወደቀና ከቡፌው ጀርባ አራት ተመሳሳይ ጫፎች ከተገኙ፣ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ በአንዱ ጫፍ ላይ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል፤ «ጠቅ» የሚለው ስፒከር የዚያ ገመድ ነው። የባትሪው ፖዘቲቭ መስመር ባለው ሽቦ ላይ ሲነካ የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ብቅ ካለ ቀዩና ጥቁሩ በትክክል ተገናኝቷል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ከስፒከሩ ጀርባ ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር ነው።